በመሐንዲስና በግንበኛ መካከል፦ የነዳፊና የሲቪል ቴክኒሻን የሙያ ስሞች ታሪክ በኢትዮጵያ

አማርኛ ግንብ የሚገነባውን ግንበኛ፣ እንጨት የሚጠርበውን አናጺ፣ ግድግዳ የሚለስነውን ለሳኝ፣ ሥራውን ሁሉ ከላይ ሆኖ የሚመራውን መሐንዲስ ይለዋል። ከእነዚህ ስሞች አንዱን የሰማ ሰው ባለ ስሙ ምን እንደሚሠራ አይጠይቅም። በመሐንዲሱና በግንበኛው መካከል ቆሞ የመሐንዲሱን አሳብ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው፣ መስመሩን ከወረቀት ወደ መሬት የሚያወርደው፣ የብረቱን ብዛት የሚቆጥረው፣ የኮንክሪቱን ጥንካሬ የሚፈትነው ሰው ግን እስከ ዛሬ የጸና የአማርኛ ስም የለውም። እንደ ዘመኑና እንደ ቀጣሪው ነዳፊ፣ ድራፍትስማን፣ ጂኦሜትራ፣ ቴክኒሻን፣ ፎርማን፣ ሱፐርቫይዘር፣ በቅርቡ ደግሞ ባለ ደረጃ አራት እየተባለ ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። በኢትዮጵያ የሲቪል ምህንድስና ቴክኒሻኖችና የነዳፊዎች የሥራ ዕድል ከፍና ዝቅ ያለበትን መንገድ የሙያው ስም ካለፈበት መንገድ ለይቶ ማየት አይቻልም። ስሙ የራሳቸው በነበረበት ጊዜ የዕድገት መሰላሉም የራሳቸው ነበር፤ ስሙ ወደ ሌላ ሲዛወር መሰላሉም አብሮ ተዛውሯል። ይህን ስል የግንባታው ገበያ፣ የሲሚንቶ ዋጋና የውጭ ምንዛሪ እጥረት የሥራ ዕድልን አይወስኑም ማለቴ አይደለም፤ ይወስናሉ። ነገር ግን ገበያው ሲሰፋ በወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ ሲጠብም ማን ቀድሞ እንደሚነሣ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው የሥራ መደብ መጠሪያ ነው። መጠሪያ ደግሞ የእኛ የቋንቋ ሰዎች ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ሲባሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ሲባሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥጥ፣ ገመድና አንድ ዐረብኛ ቃል

ግእዝ ድንጋይ እያነጸ የሚገነባውን ነዳቂ፣ እንጨት የሚጠርበውን ጸራቢ ይላል። ነደፈ የሚለው ግሥ ግን ከግንባታ ጋር ዝምድና አልነበረውም፤ ፍቺው መውጋት፣ በፍላጻ መምታት ነበር። አማርኛም ንብ ነደፈ፣ ጥጥ ነደፈ እያለ ቀጠለ። ከጥጥ ነዳፊ እስከ ፕላን ነዳፊ ያለው ርቀት ሲያዩት እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። ጥጥ ነዳፊ የተቋጠረውን ጥጥ በደጋን አፍታትቶ ለፈታይዋ ያዘጋጃል፤ በዚያን ሰዓት ፈትሉም ሸማውም ገና አልተወለዱም። ንድፍ የሚለው ስም ከዋናው ሥራ በፊት ላለው ዝግጅት መጠሪያ የሆነው በዚህ በኩል ይመስለኛል።

መሐንዲስ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ ዐረብኛውም ሥሩን ከፋርስ አግኝቶታል። የቃሉ አገባብ ለሥነ ምዕላድ ተማሪ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዐረብኛ መነሻው ላይ ያለው ሙ አድራጊውን የሚያመለክት ቅጥያ ነው። አማርኛ ግን ቅጥያውን እንደ ሥር ፊደል ቆጥሮ ሙሉውን ዋጠውና ምህንድስና የሚል ረቂቅ ስም አወጣለት። ስዋሂሊ ያንኑ ቃል ሲቀበል ሙን የራሱ የሰው ስም መደብ መለያ አድርጎ ተረጎመውና ምሃንዲሲ፣ በብዙ ዋሃንዲሲ፣ ሙያውን ደግሞ ኡሃንዲሲ አለው። አንዱ ቋንቋ ቅጥያውን ሥር ሲያደርገው ሌላው ቀየረውና ጣለው። በሁለቱም ዘንድ ግን ቃሉ የላይኛውን ሰው ይዞ ተቀመጠ፤ ከሥሩ ስለሚሠራው የተናገረው ነገር አልነበረም።

ከመካከለኞቹ ሙያዎች የራሱን ስም ያገኘው ቀያሽ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስሙ የጸናለትም መንግሥት መሬት መለካት ስለፈለገ ነው። በቃላድ ዘመን ገመድ ይዞ የሚመጣው ሰው ርስትን ጋሻ በጋሻ ቆጥሮ የሚያልፍ በመሆኑ ባለ አገሩ ስሙን ሊዘነጋው አይችልም ነበር። ዛሬ ቶታል ስቴሽን ተሸክሞ የሚሄደው ወጣት በሕዝብ ዘንድ ቀያሽ መባሉ አልቀረም፤ ግሡም ስልት ቀየሰ፣ ዘዴ ቀየሰ እስከማለት ሰፍቷል። የሚፈራ ሰው ስም አይጠፋም።

ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ምኒልክ ከመጣ በኋላም ሆነ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ንድፉ የተሠራው በውጭ ሰው እጅና በውጭ ቋንቋ ነበር። ባቡሩ ከፈረንሳይኛ ለገሃርን ትቶልናል፤ ለነዳፊው የሚሆን ስም ግን አልተወልንም።

ፌሮ፣ ስታፋ፣ ፌራዮ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ለግንባታ አማርኛ ያመጣውን ያህል ቃል ሌላ ዘመን አላመጣም፤ በአስመራ በኩልም ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ብዙ ቃላት ገብተዋል። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ብሎኬት፣ ላሜራ፣ ጀሶ፣ ሊሾ፣ ቡሎን፣ ካንቼሎ ዛሬ ማንም የውጭ ቃል ናቸው ብሎ አያስባቸውም። አርማታ ቼሜንቶ አርማቶ ከሚለው ጥምር ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ሲሚንቶው በአንድ በኩል ሄደ፣ አርማታው በሌላ። ብረት አጣፊው ፌራዮሎ ጫፉን ጥሎ ፌራዮ ሆነ። የቀን ሠራተኞች አለቃ የሆነው ካቦም ከካፖ ጋር የሚያያዝ ነው፤ ፖሊስን ቦሊስ ያለ አንደበት ካፖን ካቦ ቢል አያስደንቅም።

እነዚህን ቃላት በአንድ ላይ ስንመለከታቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የጣሊያንኛዎቹ የቁሳቁስና የእጅ ሥራ ቃላት ናቸው። ኋላ ከእንግሊዝኛ የመጡት ደግሞ የወረቀትና የማዕረግ ናቸው፦ ድሮዊንግ፣ ስፔሲፊኬሽን፣ ቴክኦፍ፣ ሰርተፍኬት፣ ፎርማን፣ ሱፐርቫይዘር። ከጥንት የኖሩት የአገሩ ቃላት የቤቱን አካልና የመለኪያውን ዕቃ ይዘው ቀርተዋል፦ ምሰሶ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ። ከላይ ዐረብኛው መሐንዲስ አለ። እነዚህ አራት ንብርብሮች በየዕለቱ የሚገናኙት በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነው፤ ያም ሰው ቴክኒሻኑ ነው። ወረቀቱ ላይ ስተራፕ ተብሎ የተጻፈውን አንብቦ ለፌራዮው ስታፋ ይለዋል፤ ከፌራዮው የሰማውን ቅሬታ ደግሞ ወደ ኦፊስ ኢንጂነሩ ሲወስድ በእንግሊዝኛ ቃላት ያለብሰዋል። የሥራው ግማሽ ትርጉም ነው። በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ ይህ ተጽፎ አላየሁም፤ ሳይት ላይ አንድ ቀን የዋለ ሰው ግን ይመሰክራል።

ጣሊያን ቃላት ብቻ አላመጣም፤ የመካከለኛ ሙያ አርአያም አምጥቷል። ጂኦሜትራ በጣሊያን አገር እ.ኤ.አ. በ1929 በወጣ ድንጋጌ ሥልጣኑ የተወሰነለት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ቴክኒክ ተቋም ዲፕሎማ ይዞ መሬት የሚለካና መጠነኛ ሕንፃ የሚነድፍ ባለሙያ ነው። ከመሐንዲስ በታች ቢሆንም የመሐንዲስ ረዳት አይደለም፤ በራሱ ስም ይፈርማል። በአስመራ ሙያው ትምህርት ቤት ነበረው። አዲስ አበባ የሚገኘውንና እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ፣ ቀጥሎም የከተማውን ማዘጋጃ ቤት የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ መነሻ ትምህርቱ የአስመራው ጂኦሜትራነት ነበር። የአፍሪካ መሪዎች ከተሰበሰቡበት አዳራሽ ጀርባ የመካከለኛ ሙያ ዲፕሎማ እንዳለ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። ጂኦሜትራ የሚለው ቃል ግን ከአስመራ ወደ ደቡብ ሲወርድ እየሳሳ ሄደ፤ ፌሮና ስታፋ ሲጸኑ ሙያውን የጠራው ቃል ሳይጸና ቀረ። ለዕቃ ስም የሚሰጠው ገበያ ነው፤ ለሙያ ስም የሚሰጠው ግን ሕግና ቀጣሪ ነው፤ ቀጣሪው ደግሞ ተለውጦ ነበር።

አውራ ጎዳና

በ1943 ዓ.ም. መስከረም ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አመራር የያዙት ከአሜሪካ የመንገዶች ቢሮ የመጡ ባለሙያዎች ስለነበሩ የመሥሪያ ቤቱ የወረቀት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ድራፍትስማን፣ ፎርማንና ቴክኒሻን የሚሉት ቃላት ከአሜሪካው የሥራ መደብ ዝርዝር ጋር ገቡ። ሕዝቡ መሥሪያ ቤቱን በአጭሩ አውራ ጎዳና፣ ሠራተኛውንም የአውራ ጎዳና ሰው አለው፤ ያ አጠራር ለአንድ ትውልድ የክብር ስም ነበር።

የሥልጠናው በርም በዚያው ዘመን ተከፈተ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ መባሉ ሊስተዋል ይገባል። የእጅ ሥራ ማለት ነው፤ ግን በግእዝ ነው። ግእዝ የክህነትና የሥልጣን ቋንቋ በመሆኑ ስሙ የእጅን ሥራ ከፍ አድርጎ አስቀምጦታል። እጅ ሥራን ዝቅ አድርጎ በሚያይ ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ አጠራር ያለ ምክንያት የተመረጠ አይመስለኝም። የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም.፣ ልደታ የሚገኘው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመሩ። የአለምገናው የመንገድ ሥራ ማሠልጠኛም የሜዳውን ሰው የሚያወጣ ሆነ።

የዚያን ዘመን ነዳፊ የሥራ ዕድል የሚያስረዳው ከሁሉ በላይ መሣሪያው ነው። በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ብዕር መስመር ማስመር፣ ውፍረቱን መለየት፣ ስሕተትን በምላጭ ፍቆ ወረቀቱን ሳይቀዱ ማረም ዓመታት የሚፈጅ ልምድ ነበር። መሐንዲሱ ያስባል እንጂ እንዲህ አድርጎ ማስመር አይችልም። ስለዚህ ነዳፊውን ማሰናበት ማለት የቢሮውን እጅ መቁረጥ ነበር። ጥሩ ነዳፊ እየቆየ ሲሄድ ዋና ነዳፊ፣ ከዚያም የክፍል ኃላፊ ይሆን ነበር።

የመንግሥት የሥራ መደቦች ምደባ ይህን መሰላል በሁለት ፊደል አጸናው። በሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ፕሳ፣ መፕ፣ ጽሂ፣ እጥ፣ ጥጉ የሚሉ ምሕፃረ ቃላት ታትመዋል። ፕሳ የፕሮፌሽናልና ሳይንስ፣ እጥ የእጅ ጥበብ ነው፤ በመካከላቸው ያለው መፕ መለስተኛ ፕሮፌሽናል፣ ማለትም የቴክኒሻኑና የነዳፊው ቤት ነበር። መለስተኛ የሚለው ቅጽል ትንሽ የሚያሳንስ ቢሆንም ከመፕ ሳይወጡ ደረጃ በደረጃ መውጣት ይቻል ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው ወደ ላይኛው መደብ ሳይሻገር በራሱ መደብ ውስጥ አርጅቶ በክብር ጡረታ ይወጣ ነበር። አዲሱ የሥራ ምዘናና ደረጃ አሰጣጥ ሁሉንም በአንድ ተከታታይ ቁጥር ሲያሰልፍ ሁለቱ ፊደላት ጠፉ፤ ከእነሱም ጋር በዚህ ረድፍ የራሴ የሆነ ከፍታ አለ የሚለው አሳብ ደበዘዘ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የግል ንድፍ ቢሮዎች ሥራቸው ተመናመነ፤ ነዳፊዎችም ወደ መንግሥት ድርጅቶች ተሰባሰቡ። ደመወዙ ባያድግም መደቡ አልተነካም። ስለዚህ ዘመን ሌላ የምጨምረው የለኝም።

አንድ ግሥ፣ ሁለት ሳጥን

የማንኛውም የምህንድስና ንድፍ ወረቀት በስተቀኝ ታችኛው ማዕዘን ሰንጠረዥ አለው። በእንግሊዝኛው ልማድ አራት ፊርማዎች ይሰፍሩበታል፤ ዲዛይን ያደረገው፣ የሣለው፣ ያረመው፣ ያጸደቀው። ሁለተኛው ሳጥን የነዳፊው ነው። የልምድ ማስረጃ ባይኖረው እንኳ ስሙ በየወረቀቱ ላይ ስለሚቀር ሥራው ይመሰክርለታል።

አማርኛ ወደዚህ ሰንጠረዥ ሲገባ ችግር ተፈጠረ። ነደፈ ሁለቱንም ሥራ ይሸፍናል። ንድፍ ማለት የመሐንዲሱ ስሌትና አሳብ ነው፤ ንድፍ ማለት በወረቀት ላይ ያረፈው መስመርም ነው። በአማርኛ ከተዘጋጁት ካየኋቸው ሰንጠረዦች በአንዳንዶቹ የነደፈው፣ ያረመውና ያጸደቀው የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ብቻ አሉ። የነደፈው በሚለው ላይ የሚፈርመው መሐንዲሱ ነው። የነዳፊው ሳጥን በትርጉም ላይ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው የለም፤ አንድ ተርጓሚ ሁለት ጊዜ የነደፈው ብሎ መጻፍ አስጠልቶት አንዱን ሰርዞታል።

የቃሉን ጉዞ ተከትሎ ነዳፊ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። ዛሬ የፖሊሲ ነዳፊ፣ የስትራቴጂ ነዳፊ የሚባለው ባለ ሥልጣን ነው። ጥጥ ነዳፊው በሰገነቱ ላይ ተቀመጠና ፕላን የሚሥለው ሰው ድራፍትስማን በሚለው የውጭ ስም ቀረ። አንድ ነገር በቅንፍ ያህል ልበል፦ ነዳፊ ወንድንም ሴትንም ይጠራል፤ ድራፍትስማን ግን ወንድ የሚለውን ቃል በሆዱ ይዟል። ይህ በእንግሊዝኛው ሲታወቅ ማስታወቂያዎች ድራፍት ፐርሰን ማለት ጀመሩ። በቤታችን የነበረውን ቃል ሰጥተን ከገበያ ሁለት ጊዜ ገዛን።

ለእንግሊዝኛው መጽናት ሌላም ምክንያት አለ፤ ፊደላችን። የነዳፊ ፊደል መጻፊያ ማስመሪያዎች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነበር፤ ግእዙን የሚጽፍ በእጁ ብቻ ይጽፍ ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣም የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ አውቶካድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣበት ከ1982 አሥራ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የተቀረጹት የንድፍ ቅጾች በእንግሊዝኛ ሆኑ፤ ቅጽ ደግሞ አንዴ ከተለመደ አይለወጥም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ድካም የፈሰሰበት ሥራ ቢሆንም የንድፍ ጠረጴዛውና የሳይቱ አማርኛ በራሳቸው መንገድ ሄደዋል።

ዲግሪውና ደረጃው

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የሙያ ሥልጠናው ስም እየተለወጠ መጣ። መጀመሪያ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 ተባለ፤ ከ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ ወዲህ ደግሞ ከደረጃ አንድ እስከ አምስት ሆነ፤ መመረቅ ብቻ ሳይበቃ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ግድ ሆነ። ሁለቱም አጠራሮች ሙያውን አይጠሩም። አሥር ሲደመር ሦስት ምን ይሠራል? ደረጃ አራት ማነው? ቁጥሩ የሰውየውን ቁመት ይናገራል፤ ሥራውን አይናገርም። የሙያ ደረጃ ሰነዶቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው። ሠልጣኙ ስተራፕ ብሎ ተምሮ ስታፋ ብሎ ያሠራል።

ከ1997 እና 1998 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲስፋፋ ለእነዚህ ልጆች ሰፊ የሥራ በር ተከፈተ። በየብሎኩ ቴክኦፍ የሚሠራ፣ ፌሮ የሚቆጣጠር፣ ለኮንክሪት ኪዩብ ናሙና የሚይዝ ሰው ይፈለግ ነበር። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ መስክ እንዲሆን ተወሰነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሲቪል ምህንድስና ዲግሪ የያዘ ወጣት በብዛት ወደ ገበያው ገባ። አውቶካድ የማስመርን ችሎታ ከዓመታት ወደ ወራት አሳጥሮት ነበርና መሐንዲሱ ራሱ ማስመር ቻለ። የነዳፊውን ወንበር የወሰደው ኮምፒዩተሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነዳፊው ኮምፒዩተሩን ተምሮ ይመለስበት ነበር፤ ብዙዎቹም ተምረውታል። ሲመለሱ ግን ወንበሩ ላይ ዲግሪ ተቀምጦ አገኙት።

ባለፈው ዓመት ለቃላት ስብሰባ በአንድ የክልል ከተማ ሳለሁ ያነጋገርኳት ወጣት የዚህ ምሳሌ ናት። በድራፍቲንግ የደረጃ አራት ማስረጃ አላት፤ አራት ዓመት በሳይቶች ላይ ሠርታለች፤ ያለቀ ሕንፃ ለክቶ እንደተሠራው አድርጎ የመሣል ልምዷ የሚያስቀና ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ድራፍት ፐርሰን ፈልጎ ማስታወቂያ ሲያወጣ አመለከተች። በማስታወቂያው ላይ ተፈላጊው የትምህርት ደረጃ በሲቪል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ይላል። በመስኮቱ በኩል የተነገራት ነገር የማስረጃዋ ስያሜ ከመደቡ ጋር አይገናኝም የሚል ነበር። «ዶክተር፣ ድሮዊንጉን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ግን የኢንጂነሩ ነው። ልምድሽን አሳዪ ሲሉኝ ምኑን ላሳያቸው?» አለችኝ። የጠፋው ሳጥን ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ሌላም የታዘብኩት ነገር አለ። ሳይት ላይ ሠራተኛው ሁሉ እሷን ኢንጂነር እያለ ይጠራታል። በአማርኛ ሰውን በሙያው ከፍ አድርጎ መጥራት የትሕትና ደንብ ነው፤ የጤና ረዳቱ ዶክተር፣ የሕግ ጸሐፊው ጠበቃ እንደሚባለው። ስለዚህ መካከለኛው ሙያ በፊት ለፊት ሲጠራ ከላይኛው ስም ይዋሳል፤ በደመወዝ መክፈያ ላይ ሲጻፍ ቁጥር ይሆናል። አክብሮቱ ራሱ ስሙን የሚያጠፋ ሆነ። ቴክኒሻን ብሎ የጠራት ሰው ቢኖር እንደ ስድብ ይቆጠርበት ነበር ብላኛለች፤ ስቃ ነው ያለችኝ።

በአንጻሩ የልምድ መንገድ አልተዘጋም። ካቦ ሆኖ የጀመረ ፎርማን ይሆናል፤ ጥሩ ፎርማን ከሁለት አዲስ ዲግሪ በላይ እንደሚፈለግ ተቋራጮች አይደብቁም። ግን ፎርማንነት ማስረጃ የለውም፤ ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በስልክ ምስክርነት ነው። ከሁሉም ሥራ ያልራቃቸው ቀያሾችና የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች ናቸው። ኪዩቡ በ7 እና በ28 ቀን መሰበር አለበት፤ መስመሩም ከመቆፈሩ በፊት መሬት ላይ መውረድ አለበት። እነዚህን ሁለት ሥራዎች መሐንዲሱ ቢሮ ተቀምጦ ሊሠራቸው አይችልም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የተያዘው የኮሪደር ልማት ቀያሽን ሌሊትና ቀን ሲያሠራ አይተናል። የጸና ስም ያለው ቀያሽ ከሌሎቹ ጓደኞቹ ይልቅ ሥራ ላይ መቆየቱ አጋጣሚ ብቻ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከጎረቤት

ታንዛኒያ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ይዛዋለች። በመንግሥት የሥራ መደቦቿ ውስጥ ምሃንዲሲ፣ ፉንዲ ሳኒፉና ፉንዲ ምቹንዶ የሚሉ ሦስት ስሞች አሉ፤ መሐንዲስ፣ ቴክኒሻንና የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ሳኒፉ የሚለው ቅጽል ደረጃውን የጠበቀውን ስዋሂሊ ለመጥራት የምንጠቀምበት ያው ቃል ነው፤ አርክቴክትም ምሳኒፉ ማጄንጎ ይባላል። ቴክኒሻኑ ከአርክቴክቱ ጋር አንድ ሥር ይጋራል። በፉንዲነቱ ከግንበኛው ጋር፣ በሳኒፉነቱ ከንድፍ ሰው ጋር የሚያስተሳስር ስም ከዚህ የተሻለ ማሰብ ይከብደኛል። ሶማልኛም ፋርሰማያቃን ይላል፤ ጥበብ የሚያውቅ። ኬንያ ደግሞ ስሙን ሳይሆን መዝገቡን አስቀደመች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ቴክኖሎጂስቶችና ቴክኒሻኖች ከመሐንዲሶቹ ተለይተው የሚመዘገቡበት የራሳቸው ቦርድ አቋቁማለች። ታንዛኒያዊው ቴክኒሻን ሥራ አያጣም አልልም። ሥራ ሲፈልግ ግን ማን መሆኑን ለማስረዳት አይገደድም።

ለአማርኛ አዲስ ቃል ፈጥሬ ማቅረብ አልፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ የተፈጠሩ ቃላት ምን እንደሚገጥማቸው እናውቃለን። የሥነ ቴክኒክ ባለሙያ የሚለው አጠራር በደብዳቤ ራስጌ እንጂ በሰው አፍ ሲገባ አልሰማሁም። ቴክኒሻን የገባ ቃል ነውና ይቆይ፤ በማስረጃው ላይ ግን ከደረጃ ቁጥሩ ፊት የሥራው ስም ይጻፍ። ነዳፊን በተመለከተ ደፍሬ አንድ ነገር እላለሁ። መሐንዲሱ መሐንዲስ፣ ዲዛይን አድራጊ፣ አማካሪ የሚሉ ስሞች ሞልተውታል። በሰንጠረዡ የመጀመሪያ ሳጥን ያቀደው፣ በሁለተኛው የነደፈው ቢባል ሁለቱም ፊርማቸውን ያገኛሉ፤ ነዳፊም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይህን ለመሥራት የአካዳሚ ጉባኤ አያስፈልግም፤ የቅጽ ናሙና የሚያዘጋጁ ጥቂት መሥሪያ ቤቶችና በስብሰባቸው ላይ የሚገኝ አንድ የቋንቋ ሰው ይበቃሉ።

ያቺ ወጣት ዛሬ በአንድ ተቋራጭ ላቦራቶሪ ውስጥ ኪዩብ ትፈትናለች። ባለፈው ወር የሰባት ቀኑን ውጤት የመዘገበችበትን ገጽ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከገጹ ግርጌ የፈተነው የሚል ሳጥን አለ፤ ሙሉ ስሟን በግእዝ ፊደል ጽፋ ፈርማበታለች።